ደሙ ሲቆም ነው መነሳት

በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ያለ ምንም ቁርጠት የሚመጣ ደማቅ ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቆማል። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላሉ እናቶች ትልቁ አደጋ ያለው እዚሁ መቆሙ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲፈስ ሁሉም ይደነግጣል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ባጃጅ ይፈለጋል። ሲቆም ግን አንዱ ቤት «ተመስገን»፣ ሌላው ቤት «አልሐምዱሊላህ» ይባልና እናትየዋ ወደ ጀሪካኗና ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። ቀጣዩ ደም መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ይበረታል። ወደ ሆስፒታል መነሳት ያለባት ደሙ በቆመበት በዚያ ጸጥ ባለ ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ማሰብ ይበቃል። በአብዛኛው እርግዝና እንግዴ ልጅ ከማህፀን በላይኛው ክፍል ይጣበቃል። ከ200 ወሊድ በአንዱ ገደማ ግን ታች ወርዶ የማህፀንን በር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሐኪሞች ፕላሴንታ ፕሪቪያ የሚሉት ይህንን ነው። እርግዝናው ሲገፋ የማህፀን የታችኛው ክፍል እየሳሳ ይለጠጣል፤ እንግዴ ልጁ ግን አብሮ መለጠጥ ስለማይችል ከዳር ይላቀቃል፤ ደሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ምጥ ስላልሆነ አያምም። «ካላመመኝ ምን ይሆናል?» የሚለው ሐሳብ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ስለሚሄድ፣ አንዴ ከበረታ ለመመካከር ጊዜ አይሰጥም። በልማዳችን ውስጥ ብዙ የማይነገር ሌላ አደጋም አለ። እንግዴ ልጁ የታችኛውን ቦታ ስለያዘ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ በአግድም ይተኛል። ይህን የዳሰሰች የልምድ አዋላጅ ለማስተካከል ሆድ ታሻለች፤ ማሸቱ ደግሞ ያልመጣውን ደም ሊያመጣ ይችላል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ሕፃን ቢገላበጥ ያለ ነገር ነው። በስምንተኛው ወር «ልጁ ተጋድሟል» ከተባለ ግን መልሱ አልትራሳውንድ ነው እንጂ ቅቤ አይደለም። ደም የታያት ነፍሰ ጡር እንግዴ ልጇ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ማንም፣ የጤና ባለሙያም ቢሆን፣ በጣት ወደ ውስጥ ሊመረምራት አይገባም። የግብረ ሥጋ ግንኙነትም መቆም አለበት። ይህን ለባል መንገር ለእሷ የሚያሳፍር ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትንገርላት።

አሁን ወደ አካባቢያችን አቀማመጥ እንምጣ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከፍ ያለ ሆስፒታል ወዳለበት ደብረ ብርሃን ለመድረስ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፤ እሱም በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ፣ ጉምና ከባድ መኪና የማያጣው ዳገት ነው። ከገጠር ቀበሌ የምትመጣዋ ደግሞ ከዚያ በፊት በወሳንሳ ተይዛ አስፋልት መድረስ አለባት። ቆላው ወባ አለበት፤ ወባ ደግሞ ደም ያሳንሳል። ደሟ ቀድሞ ያነሰ ሴት ሌላዋ የምትችለውን መፍሰስ አትችለውም። ስለዚህ የአይረን ክኒንና አጎበር ለዚህች እናት የመጀመሪያዎቹ መከላከያዎች ናቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ እንዳየነው መንገዱ ራሱ ሊዘጋም ይችላል። «አምቡላንስ ይጠራል» የሚለው ዕቅድ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት፣ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ፣ ስልኩም ሁልጊዜ የሚሠራ አድርጎ ያስባል።

«ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል አለ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ደም ሲታይ መጀመሪያ የሚኬደውም እዚያው ነው። ነገር ግን ፕሪቪያ ያለባት እናት በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ነገር ትፈልጋለች፦ ኦፕራሲዮን የሚሠራ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ፣ ከእሷ ጋር የሚስማማ ደም፣ ሳይደርስ የሚወለድን ሕፃን የሚቀበል ክፍል። አራቱ ባንድነት ዛሬ የት እንዳሉ የሚጠየቀው ጤነኛ በሆነችበት ቀን ነው። መልሱ «ደብረ ብርሃን» ከሆነ ጉዞው በዚያው ቀን ተቀምጣ የምትሄድበት ይሁን፤ ሌሊት ደም እየፈሰሳት ጣርማ በርን እንድትወጣ ማስገደድ ተገቢ አይደለም።

አስቀድሞ መጠጋት እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ ከአገራችን አለ። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እርጉዞች ቀድመው መጥተው የሚቆዩበት ቤት ካዘጋጀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተካሄዱ ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያው ከቆዩት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 ወሊድ 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «በቀጥታ የመጡትማ ብዙዎቹ ችግር ከጠናባቸው በኋላ የመጡ ናቸው፤ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ አይደለም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ የማቆያው ውጤት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ግን ማቆያው የተሠራው ችግር ከመጥናቱ በፊት ለመድረስ አይደለም እንዴ? እኔም የምከራከረው ለዚሁ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «በአምስተኛው ወር ታች ነው የተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለምን ታስደነግጡናላችሁ?» የሚል ነው። ይህም እውነት አለው፤ በግማሽ እርግዝና ታች ከታዩት ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ማህፀን ሲያድግ ከበሩ ይርቃሉ። ስለዚህ በዚያ ዕድሜ ታች ከታየ የሚያስፈልገው ፍርሃት ሳይሆን ቀጠሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድታገኝ መክሯል፤ ታች ከታየ በ32ኛው ሳምንት ገደማ ይደገማል። ያኔም በሩን እንደሸፈነ ካለ፣ ደም ባይታይም እንኳ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግራ ከ34ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ወደ ማቆያ ወይም ከተማ ወዳለ ዘመድ ትጠጋ፤ ሕፃኑ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ይወለዳል። ደም የታያት ግን ይህን ሁሉ አትጠብቅም።

ከሁሉም የሚከብደኝ «ቤቱን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ነው። ማሾው ሲሰበሰብ፣ ሽንኩርቱ ሲነቀል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የእናት ለሳምንታት መራቅ ቀላል አይደለም። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት ነፃ ቢሆንም ስንቁና የአጃቢው ትራንስፖርት ነፃ አይደለም። መልሱ ከእሷ ብቻ ሊጠበቅ አይገባም። ለቀብር የሚሰበሰብ እድር ለዚህም ሊሰበሰብ ይችላል፤ አማትና ባል ደግሞ ውሳኔውን ለብቻዋ አይተዉላት። «እናቶቻችን ቤት ወልደው የለም ወይ?» ለሚለውም፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ100,000 ሕያው ወሊድ 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። የተረፉት ናቸው ዛሬ ለእኛ የሚተርኩልን።

ኦፕራሲዮንን መፍራትም መሠረት አለው። በአሜሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ፕሪቪያ ካለባቸው መካከል እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ የሚልባቸው በመጀመሪያ ኦፕራሲዮን 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 40 በመቶ ነበሩ። ይህ ግን በሩ የተዘጋባትን እናት በምጥ እንድትወልድ አያደርጋትም፤ ሁለቱም የሚሞቱበት መንገድ እሱ ነው። የሚያስተምረን ከዚህ በኋላ ያለውን እርግዝና ማራራቅንና ማቀድን ነው።

ከመጠጋቱ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሥራ ለዘመዶች ይቀራል፤ እሱም ደም ነው። የደም ዓይነቷ ቀድሞ ይመርመር፣ በካርዷ ላይም ይጻፍ፤ ወንድሞችና ጎረቤቶች ደም ለመስጠት ቀድመው ይዘጋጁ። በተለይ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነች ሁለት ነገር ይጨመራል፦ የሚስማማት ደም በቀላሉ አይገኝም፣ ደም በታያት ቁጥርም ለቀጣዩ ልጅ ሲባል ሰው «የሾተላይ መርፌ» የሚለው እንዲሰጣት ባለሙያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከወለደች በኋላም ማህፀኗ ከታች በኩል በደንብ ስለማይጨማደድ ደሙ ሊቀጥል ይችላል፤ «በሰላም ተገላገለች» ተብሎ ቶሎ ወደ ቤት ለመውሰድ መቸኮል አያስፈልግም። በሚቀጥለው ስታረግዝ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ክትትል የኦፕራሲዮን ጠባሳ እንዳለባት ትናገር፤ እንግዴ ልጁ ከጠባሳው አንጻር የት እንዳለ በአልትራሳውንድ እንዲታይላትም ትጠይቅ።