ሠላሳ ወይስ ስድሳ? የፍጥነት ሒሳብ በመርሳ ጎዳና

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳን አቋርጦ ያልፋል። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ብስክሌተኛውና እግረኛው አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። ለመሆኑ ማን ለማን ቅድሚያ ይስጥ?

አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶሞቢል በዚህች ሰከንድ 8 ሜትር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ 60 ሲሆን ግን የእንቅስቃሴው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን 5 ሜትሩ 20 ይሆናል፤ ፍሬን ከመያዙ በፊትም 17 ሜትር ያህል ተጉዟል። እንግዲህ 15 ሜትር ፊት ለፊት ሕፃን ቢሻገር የመጀመሪያው በሰላም ይቆማል፤ ሁለተኛው ፍሬን ሳይነካ ይደርስበታል።

ስለዚህ ቅድሚያ መስጠት የሚገባው ጉልበቱን የተሸከመው ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ በ60 ፈንታ በ30 ማለፍ የሚጨምረው 2 ደቂቃ ብቻ ነው።