ቺካጎ ማተርኒቲ ሴንተር

ቺካጎ ማተርኒቲ ሴንተር (የቺካጎ የእናቶች ማዕከል) በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ድሃ እናቶችን በየቤታቸው እየሄደ ያዋልድ የነበረ ተቋም ነው። የሕክምና ተማሪዎችም የማዋለድ ሥራን የሚማሩበት ቦታ ነበር።

አመሠራረት

ተቋሙ የተገኘው የማህፀንና ወሊድ ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ቦሊቫር ዲሊ (1869–1942 እ.ኤ.አ.) በ1895 እ.ኤ.አ. ከከፈተው ትንሽ ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩ በማክስዌል መንገድ፣ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ወሊድን የሚያውቁት ከመጽሐፍና የሰው ቅርጽ ካለው አሻንጉሊት ነበር። ተመርቀው ሲወጡ ግን ማንም ሳይቆጣጠራቸው ያዋልዱ ነበር። አብርሃም ፍሌክስነር በ1910 እ.ኤ.አ. ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ባወጣው ዘገባም ከሁሉ የከፋ ሆኖ ያገኘው የማዋለድ ትምህርትን ነው። ዲሊ ሁለቱን ችግሮች በአንድ ላይ ለመፍታት ሞከረ፦ ድሃዋ እናት ሐኪም ታገኛለች፣ ተማሪውም ልምድ ባለው ሰው ሥር ሆኖ ይማራል።

የተማሪዎቹ ሥራ

እናቶች በእርግዝና ጊዜ ወደ ክሊኒኩ እየመጡ ይመረመሩ ነበር። ምጥ ሲጀምር ቤተሰብ ይጠራል፤ ሐኪም፣ ተማሪና ነርስ ቦርሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ሊሆን፣ ውኃውም ከውጭ ሊቀዳ ይችላል። በመሆኑም ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ቤቱን ማዘጋጀት ነበር። መሣሪያዎቹ በወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ ይቀቀላሉ፤ እጅ በጥንቃቄ ይታጠባል፤ አልጋውና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል። ጋዜጣ የትም የሚገኝና ርካሽ ነው፣ ከተጠቀሙበት በኋላም ይጣላል። ለሰሚው ቀልድ ቢመስልም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የአራስ ትኩሳትን ለመከላከል ንጽሕና ዋናው መሣሪያ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት መጠበቅ ነው። ምጡ ደኅና እየሄደ ከሆነ ማንም አይቸኩልም፤ ቡድኑ እናቲቱን ትቶ አይሄድም። ከባድ ችግር ሲገጥም የበለጠ ልምድ ያለው ሐኪም ይጠራል ወይም እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች። ከወሊድ በኋላም እናትና ሕፃኑ በቤታቸው ይጎበኙ ነበር። ተማሪው በሆስፒታል ክፍል ውስጥ የማያየውን፣ በአንድ አልጋ ስንት ልጅ እንደሚተኛና በቤቱ ምን እንደሚበላ፣ የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከ1932 እ.ኤ.አ. በኋላ

ሆስፒታሉ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲቀላቀል የማክስዌል መንገዱ ክሊኒክ ተለይቶ ቀረ፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ማተርኒቲ ሴንተር የሚለውን ስም ያዘ። ቤያትሪስ ታከር የምትባል ሐኪም ከአርባ ዓመት በላይ መራችው። በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከ600 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። በድሃ ቤቶች የሚሠራው ይህ ማዕከል ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ሞት በማስመዝገቡ ታወቀ። የፔር ሎረንትዝ «ዘ ፋይት ፎር ላይፍ» የተባለው የ1940 እ.ኤ.አ. ፊልምም ስለዚሁ ሥራ ነው።

የሚገርመው፣ በቤት ትዕግሥትን ያስተማረው ዲሊ ራሱ በ1920 እ.ኤ.አ. በጤነኛ ወሊድም ቢሆን የማዋለጃ መቆንጠጫን (ፎርሴፕስ) ለጥንቃቄ መጠቀምን የሚደግፍ ጽሑፍ ማሳተሙ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት የተከተሉት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነበር።

መዘጋቱ

በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት በሆስፒታል ትወልድ ነበር። ከማዕከሉ ጋር ይሠራ የነበረው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲም አዲስ የሴቶች ሆስፒታል ሊከፍት ሲዘጋጅ የቤት ወሊዱ አገልግሎት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። የሰፈሩ እናቶችና የሴቶች ቡድኖች ተቃውመው ነበር፤ ክርክራቸው በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ይታያል።