የቦካ ግድግዳ

እናቴን ዞማ ሙዚየም ይዣት የሄድኩ ቀን፣ በሩን አልፈን ብዙም ሳንራመድ ቆመችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። «ይኼን ልታሳየኝ ነው ከመሳለሚያ ድረስ ያመጣኸኝ? ጭቃ?» አለች። ጭቃ ቤት ወልዳ፣ ጭቃ ቤት አሳድጋ፣ በስተርጅና ብሎኬት ቤት የገባች ሴት ናት። አልፈረድኩባትም።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ዞማ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያለ የግል ሙዚየም ነው። አንትሮፖሎጂስቷና የአውደ ርእይ አሰናጇ መስከረም አሰግድ ከሠዓሊው ከኤልያስ ስሜ ጋር አቋቁመው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፈቱት። ከዚያ በፊትም በዚሁ ስም የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነበራቸው። ግቢው ውስጥ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የአትክልት ቦታ፣ ከብቶች፣ ካፌ አለ። «ዞማ» ሲባል ሰው ሁሉ ጸጉር ይመስለዋል። አይደለም፤ በወጣትነት በካንሰር የተቀጠፈ የሥዕል ሕይወት፣ የዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ለዘመኑ ሥነ ጥበብ የቆሙ ስመ ጥር ሙዚየሞች አሉ። ኬፕታውን ላይ ዛይትስ የተባለው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ የእህል ጎተራ ውስጥ ነው የገባው። አርባ ሁለት የኮንክሪት ቱቦዎች ነበሩ፤ መሐላቸውን በመጋዝ ፈልፍለው አዳራሽ አወጡላቸው። ቤኒን፣ ዊዳ ከተማ ያለው የዚንሱ ፋውንዴሽን ሙዚየም ደግሞ በ1922 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቪላ ውስጥ ነው። ሁለቱም ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ የሠራው ቤት ውስጥ ገቡ። ዞማ ግን ቤቱን ራሱ አቡክቶ ሠራው። ስለዚህ እዚያ ሄዶ ሥዕሉን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው፣ ለእኔ ትልቁን ሥራ በጀርባው ተደግፎበት የመጣ ሰው ነው።

«አቡክቶ» ያልኩት እንዲያው ለቋንቋ ማሳመር አይደለም። አማርኛችን ሊጥንም ጭቃንም በአንድ ግስ ነው የሚያቦካው፤ አዋቂዎች ያወጡት ግስ ነው። አፈርና ጭድ በውሃ ተረግጦ በማግስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሚመስለው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ምርጊት ክረምት ሳይወጣ ይረግፋል። ጭቃ ይተኛል። ሲተኛ ጭዱ ይበሰብሳል፤ የመበስበሱን ሥራ የሚሠሩት ሊጡን የሚያቦኩት ዓይነት ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ናቸው። ከጭዱ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር የአፈሩን ቅንጣት አንዱን ካንዱ ያያይዘዋል፤ ያልበሰበሰው ገለባ ደግሞ ለስልሶ ምርጊቱ ውስጥ እንደ ክር ይበተናል። ሸክላ አፈር ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም። ክሩ የሌለበት አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ስንጥቅ ሆኖ ይተረተራል፤ ክሩ ያለበት መኮማተሩን ለመላ ግድግዳው ያካፍለዋል። የቦካው ደግሞ ውሃ ቶሎ አይበግረውም።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ መራጊ ነበሩ። ጭቃው መድረሱን በአፍንጫቸው ነበር የሚያውቁት። ሳይሸት የነካነው እንደሆነ በማገር ቁራጭ ያባርሩናል። «እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ይወደዳል፤ ግድግዳ ዓይን ካወጣ ግን ቤቱ አለቀ» ይሉ ነበር። መስከረምና ኤልያስ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ፍለጋ ነው በየገጠሩ የዞሩት። ኤልያስ የጨመረው እጁን ነው፦ ክብ ክብ፣ ሞገድ ሞገድ እየሆነ በግድግዳው ላይ የሚሄደው ቅርጽ። ሲሚንቶ ቶሎ ይጨክናል፤ ጭቃ ግን ሐሳብህን እስክትቀይር ይጠብቅሃል።

«ጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም» የሚለውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማሊ ውስጥ ያለው የጄኔ ታላቁ መስጊድ አሁን ባለው መልኩ የቆመው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማው በየዓመቱ ወጥቶ ይመርገዋል። አዲስ አበባም መቶ ዓመት ያለፋቸው የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ጭቃ ቤት የሚገድለው ጭቃው አይደለም። ከታች የድንጋይ መሠረቱ አጭር ሆኖ የክዳኑ ፍንጣሪ ሲመታው፣ ከላይ ክዳኑ ሲያንስ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው፦ ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ የጭቃ ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለስናል። ሲሚንቶው ድርቅ ያለ ነው፤ ጭቃና እንጨቱ ደግሞ ክረምትና በጋ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ግን መውጫ የለውም። ቋሚው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። አንድ ቀን ግድግዳው ሲንጋደድ «ድሮስ ጭቃ!» ይባላል። አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

እግረ መንገዴን ለዞማ ጎብኚዎች። ግድግዳው ላይ ጀርባችሁን ጥላችሁ አንድ እግራችሁን አጥፋችሁ ጫማችሁን እየለጠፋችሁ ፎቶ አትነሡ። ጭዱን በጥፍራችሁ አትንቀሉ፤ ያ ገለባ ዝም ብሎ የተረሳ ቆሻሻ አይደለም። ቡና ጠጥታችሁ ብቻ የምትወጡትም፣ እባካችሁ አዳራሹ ድረስ ዝለቁ።

አዳራሹ የሚያሳየው ይለዋወጣል፤ ግን ኤልያስ ስሜን በሥራው ሳያውቁ ግቢውን ማወቅ ጎደሎ ነው። ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነና በጣውላ ላይ እየመታ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ የሚመስል ሥራ ይሠራል። ሥራዎቹ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረስ ገብተዋል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቢዬናሌ ላይ ታይተዋል። እንደ ጭቃው ሁሉ እዚህም ሰው የጣለውን ነው የሚያነሣው።

እማዬ ያን ቀን ከእኔ ቀደም ብላ መንገዱን ይዛ ነበር። ስደርስባት ግድግዳው ሥር ጎንበስ ብላለች። አልነካችም፤ እጇን ከኋላ አጣምራ አፍንጫዋን ብቻ አስጠግታ። «አይሸትም» አለችኝ። «ደርቋል። ግን የቦካ ነው፤ አንድ ዓይን እንኳ የለበትም።» ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና ከፊት ለፊት ወደቆመው ጥበቃ ሄደች። ጭዱ የጤፍ መሆን አለመሆኑን ልትጠይቀው።