ወንዝ ዳርና ገንዘብ ቤት፦ የ«ባንክ» የዘር ሐረግ

«ባንክ» ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታየን ገንዘብ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን የወንዝን ዳርቻም «ባንክ» ይለዋል። ባሕር ውስጥ የተቆለለ አሸዋ፣ አድማስ ላይ የተጋደመ ወፍራም ጭጋግ፣ በረድፍ የተደረደሩ ማብሪያና ማጥፊያዎችም «ባንክ» ናቸው። አውሮፕላን ለመዞር ወደ ጎን ሲያጋድልም ግሡ ይኸው ነው። አንድ አጭር ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ሊሸከም ቻለ?

ሥሩ የሚገኘው በጥንታዊው የጀርመንኛ ቤተሰብ ቋንቋዎች ውስጥ ነው። የሥነ ልሳን ሊቃውንት ወደ ኋላ ተከትለው የደረሱበት ፍቺ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ነገርን ይመለከታል፦ የአፈር ጉብታን፣ መደርደሪያን፣ አግዳሚ መቀመጫን። በገጠር ቤት ግድግዳ ሥር በጭቃ የተሠራውን መደብ የሚያውቅ ሰው ጉብታና መቀመጫ በአንድ ቃል መጠራታቸው አይገርመውም።

ከዚህ ሥር የበቀሉት ቃላት ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ግን በአንድ በር አይደለም፤ ታሪኩን አስደናቂ ያደረገውም ይኸው ነው። «ቤንች»፣ ማለትም አግዳሚ ወንበር፣ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሮ የኖረ ቤተኛ ነው። ሌላው በባሕር መጣ። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት ቫይኪንጎች ለጉብታና ለተዳፋት የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ የወንዙ «ባንክ» የእነሱ ውርስ ነው። የአሸዋው ክምር፣ ጭጋጉና የአውሮፕላኑ ማጋደል ሁሉ የሚቀዱት ከዚሁ ተዳፋት ነው። የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ረድፍ ግን ዘሩ ከፈረንሳይኛው «ባን»፣ ከመቀመጫ ነው፤ መርከብ ቀዛፊዎች በአግዳሚ ተደርድረው ይቀመጡ ነበርና።

የገንዘቡ «ባንክ» የመጣበት መንገድ ከሁሉም ይረዝማል። የጀርመንኛው ቃል ጣሊያን ገብቶ «ባንካ» እና «ባንኮ» ሆነ። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን የሚዘረጉበት ጠረጴዛ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እያደር የጠረጴዛው ስም የሥራው፣ የሥራው ስም ደግሞ የተቋሙ ስም ሆነ። ቃሉ በፈረንሳይ በኩል አልፎ በ15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ገደማ እንግሊዝ ደረሰ፤ የእንግሊዝ ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1694 ነው። ለከሰረ ነጋዴ የሚባለው «ባንክራፕት» ከዚያው ከጣሊያን ገበያ የመጣ ነው፤ «ባንካ ሮታ» ማለት የተሰበረ ጠረጴዛ ነውና። ታላቅ ግብዣን የሚያመለክተው «ባንኬት» እንኳ በመነሻው ትንሽ አግዳሚ ማለት ነበር።

እኛም ከዚህ ዘር ሁለት ጊዜ ወስደናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሲከፈት አንደኛው በይፋ ገባ። ሌላው በየቡና ቤቱና በየሱቁ አስተናጋጁ ከኋላው የሚቆምበት ባንኮኒ ነው፤ ጣሊያንኛው «ባንኮኔ» ትልቅ ባንኮ ማለት ነው። ባንክና ባንኮኒ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቃሉ አሁንም መውለዱን አላቆመም። ሐኪሙ በርናርድ ፋንተስ እ.ኤ.አ. በ1937 ቺካጎ በሚገኘው የኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ደም የሚጠራቀምበትን ክፍል ሲያደራጅ «የደም ባንክ» ብሎ ሰየመው። ሰው ያስቀምጣል፣ ሲቸግረው ያወጣል፤ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

ሰሚው ታዲያ በዚህ ሁሉ ፍቺ መካከል እንዴት አይጠፋም? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ይህን ፈትኗል። ከመረጣቸው ቃላት አንዱ «ባግስ» ነበር፤ ተባይም፣ ድብቅ የስለላ ማዳመጫም ማለት ነው። ተሳታፊዎች በክፍሉ ጥግ ሸረሪት፣ በረሮና ሌሎች «ባግስ» ስላገኘ ሰው ይሰማሉ፤ ወዲያውም በስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍ እውነተኛ ቃል መሆን አለመሆኑን ይለያሉ። «ጉንዳን» ለሚለው ፈጥነው መልስ መስጠታቸው የሚጠበቅ ነው። የሚያስገርመው «ሰላይ» ለሚለውም መፍጠናቸው ነው፤ ታሪኩ ስለ በረሮ እያወራ አእምሯቸው ሁለቱንም ፍቺ አንስቷል። ሦስት ክፍለ ቃላት ያህል ከተነገሩ በኋላ ሲፈተኑ ግን «ሰላይ» ጠፍቶ «ጉንዳን» ብቻ ቀርቷል። እኛ ሳይታወቀን አእምሮ ፍቺዎችን ይጠራል፣ በዙሪያው ባሉት ቃላት ይመዝናል፣ የማይስማማውን ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ስቲቨን ፒያንታዶሲና ሁለት ባልደረቦቹ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በደች ቃላት ላይ ባወጡት ጥናት አጫጭርና አዘውትረው የሚነገሩ ቃላት ብዙ ፍቺ እንደሚሸከሙ አሳይተዋል። ዐውዱ ሥራውን ስለሚያግዝ ቋንቋ ቀላሉን ቃል ደጋግሞ ይጠቀምበታል። የፍቺ ብዛት እንደ ጉድለት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እንደ ሀብት አየዋለሁ። በአማርኛም መደብ የጭቃ መቀመጫ ነው፣ ችግኝ የሚፈላበት አፈር ነው፣ የላብ አደሩ መደብ ነው፣ በሰዋስው ደግሞ «እኔ» አንደኛ መደብ ነው። ማንም አይምታታበትም።

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድን ቃል ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር አጣምራችሁ አታስጠኑ። ቃሉ ከነዐረፍተ ነገሩ ይጠና። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከ«ባንክ» ጎን የተጻፉት ትንንሽ ቁጥሮች የተለያየ መንገድ የመጡትን ቃላት የሚለዩ ናቸው፤ ተማሪዎቻችሁ እነዚያንም ማንበብ ይልመዱ።