በጾምና በፍስክ የሚለዋወጥ ሕመም፦ የሕፃናትን የምግብ አለርጂ ስለ መለየት

ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ከጀመረ በኋላ ቆዳው ሽፍ ሲል፣ ሲያስመልሰው ወይም ተቅማጡ አልቆም ሲል በብዙ አካባቢ አስቀድመው የሚጠረጠሩት ምች፣ የሰው ዓይንና የሚበቅለው ጥርስ ናቸው። በዚህም ምክንያት የወተት ጥርሳቸው የሚነቀል፣ እንጥላቸው የሚቆረጥ ሕፃናት አሉ፤ ድርጊቱ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ከማጋለጥ በቀር የሚሰጠው ፈውስ የለም። የሰገራ ምርመራ ተደርጎ ትላትልና ጃርዲያ ካልተገኙ፣ ሕመሙም ከተመላለሰ፣ ዓይናችንን ወደ ሕፃኑ ሳህን መመለስ ይገባል።

የምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ ኃይል በምግብ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲነሣበት የሚፈጠር ሕመም ነው። የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥና ዓሣ ከዋነኞቹ መንሥኤዎች ይቈጠራሉ። ፈጣኑ ዓይነት ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በሽፍታና በከንፈር እብጠት ስለሚገለጥ እናት ራሷ ታውቀዋለች። አስቸጋሪው ዘግይቶ የሚመጣው ነው፤ ትውከቱ፣ ደም የቀላቀለው ሰገራ ወይም የችፌው መባባስ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይታያል፤ የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ አያሳየውም።

የምግባችን አሠራር ደግሞ ነገሩን ይሰውረዋል። ለአጥሚትና ለገንፎ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ በአንድነት ይፈጫሉ። ቅልቅሉ ለጤነኛ ልጅ መልካም ነው፤ ለሚታመመው ግን ከስድስቱ የትኛው እንደ ጎዳው ማን ይናገራል? ለብቻው የተዘጋጀ እህል እንኳ በወፍጮ ቤት ከሌላው ዱቄት ጋር ይነካካል።

ሆኖም ምእመናን በቤታቸው አንድ መመርመሪያ አላቸው፤ እርሱም የጾምና የፍስክ መፈራረቅ ነው። የምታጠባ እናት ከበላችው ምግብ ጥቂት ፕሮቲን ወደ ጡቷ ይተላለፋል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ከወተትና ከእንቁላል ስትታቀብ የሕፃኑ ችፌ ከቀለለ፣ ከፋሲካ በኋላ በቅቤውና በአይቡ ተመልሶ ከተነሣ፣ ጥርጣሬው ወደ ወተት ወይም ወደ እንቁላል ያመለክታል። በተቃራኒው ሽሮ፣ ኦቾሎኒና የሰሊጥ ፍትፍት በሚበዙበት በጾም ወራት የሚብስበት ልጅ ጥርጣሬው ከጥራጥሬና ከቅባት እህል ዘንድ ነው። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ሕፃኑን ራሱን ለማስጾም ምክንያት እንደማይሆንም ግልጽ ነው፤ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጾም አልታዘዘባቸውም።

ከዚህ በኋላ የሚበላውን፣ ሰዓቱንና የታየውን ምልክት በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። የተጠረጠረው አንድ ምግብ ብቻ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ፈጽሞ ይቀራል፤ ከዚያም በጤና ባለሙያ ምክር በጥቂቱ ይመለሳል። ሲቀር ተሽሎት ሲመለስ ካመመው ምክንያቱ ተገኘ፤ ለውጥ ከሌለ ምግቡ ያለ ጥፋቱ ታግዶ መቅረት የለበትም። በፍርሃት ወተቱን፣ እንቁላሉንና ጥራጥሬውን በአንድ ጊዜ የሚከለክሉ ወላጆች ልጁን ከአለርጂው ለሚብስ የምግብ እጥረት ይዳርጉታል። በላም ወተት ፈንታ የፍየል ወተት መስጠትም አይረዳም፤ ፕሮቲኖቻቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ አብዛኛውን ጊዜ ያው ሕመም ይከተላል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም፤ እናቲቱ በባለሙያ ምክር ያንን ምግብ ትተዋለች እንጂ።

ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ መተንፈስ ያቃተው ወይም ደጋግሞ አስመልሶት የዛለ ልጅ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ለከባዱ አለርጂ የሚያስፈልገው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። እንዲህ የሆነበትን ምግብ በቤት መልሶ መሞከር አይገባም። ልጁ በምግብ እጥረት ታክሞ ፕላምፒናት የሚታዘዝለት ከሆነም፣ በውስጡ ኦቾሎኒና የወተት ዱቄት ስላለ ወላጅ ስለ አለርጂው አስቀድሞ ለባለሙያው ይናገር።

የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ እገዳው ለዕድሜ ልክ ተደርጎ ሳይወሰድ፣ ምግቡ የሚመለስበት ጊዜ በየጊዜው ከባለሙያ ጋር ይታያል።