ከአዘዞ የሚነሣ ጓዝ

ጎንደር የነገሥታት መዲና በነበረችበት ዘመን ከመተማና ከምጽዋ ጋር ይገበያይ የነበረው የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ መንገድ ሲጀምር፣ ከሸክሙ ክብደት ይልቅ የሚያሳስበው በየኬላው የሚጠብቀው ቀረጥ ነበር፤ አንዱ ኬላ የተቀበለውን ሌላው አይቀበለውምና። ዛሬም ከዚህችው ከተማ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው፣ አዘዞ ከሚገኘው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሳፈር፣ የጓዙን ሕግ አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ ሻንጣው አንድ ጊዜ ተመዝኖ እስከ መጨረሻው ይደርስለታል፤ ሳያውቅ የተነሣ ግን በየአየር መንገዱ ሚዛን ፊት እንደ ጥንቱ ነጋዴ ኬላ ይቆምበታል።

ልጇን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የምትሄድ የጎንደር እናት በዋዜማው ምሽት ጓዟን ስትሸክፍ ያየ ሰው፣ የነገሩ ክብደት ወዲያውኑ ይገባዋል። ምጥን ሽሮው በከረጢት፣ በርበሬው በድርብ ላስቲክ ታስሮ ከታች ይደረደራል፤ ድርቆሹ እንዳይደቅ ከላይ ይሆናል፤ የተጠለፈው ቀሚስ በነጠላ ተጠቅልሎ በመካከል ይገባል። የእጅ ሚዛኑ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከተፈቀደው አልፎ 24 ኪሎ ባሳየ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ከቦ አንዲት ከረጢት ሽሮ ትውጣ ወይስ ትቆይ እያለ ይመክራል። ያቺ ከረጢት የእናት እጅ ሥራ ናትና ምክሩ ቀላል ምክር አይደለም።

የአየር መንገዶች የጓዝ ሥርዓት በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክብደቱን ድምር ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ 30 ኪሎ የተፈቀደለት መንገደኛ ባንድ ሻንጣም ቢያደርገው በሁለት ቢከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ሁለተኛው የሻንጣውን ቁጥር የሚቆጥርና ለእያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው ወሰን የሚያበጅ ነው፤ የተለመደውም ወሰን 23 ኪሎ፣ ማለትም በቀድሞው ሚዛን አንድ ፈረሱላ ከሲሶ ያህል፣ ልኩም ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ በሁለተኛው ሥርዓት አንዱ ሻንጣ 26፣ ሌላው 18 ኪሎ ቢመዝን፣ ድምሩ ከ46 በታች ነው ብሎ መከራከር አይረዳም፤ የከበደው ሻንጣ ትርፍ ኪሎ ያስከፍላል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነውን ሻንጣ ደግሞ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ገንዘብ ቢከፈልበትም አይቀበሉትም፤ ይህም የሚያነሡትን የሠራተኞች ወገብ ለመጠበቅ የተደነገገ ነውና የሚያስመሰግን ድንጋጌ ነው።

እንግዲህ መንገዱ በሁለትና በሦስት አየር መንገዶች የተከፈለ ሲሆን የማንኛው ሕግ ይጸናል? በ1945 እ.ኤ.አ. በሃቫና የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ በዋለው በ302ኛው ውሳኔው፣ በአንድ ቲኬት የተጻፉት አየር መንገዶች የጓዝ ልካቸው የተለያየ ሲሆን ከመካከላቸው ዋነኛው ክፍል የደረሰው አየር መንገድ ሕግ ለመንገዱ ሁሉ እንዲያገለግል ደነገገ። ማኅበሩ ምድርን በሦስት ክፍል ያያታል፤ አሜሪካ አንደኛው፣ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ሁለተኛው፣ የቀረው እስያና ፓሲፊክ ሦስተኛው ነው። መንገደኛውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግረው አየር መንገድ ዋነኛው ይባላል። ስለዚህ ከጎንደር በአዲስ አበባና በፍራንክፈርት አድርጎ ቶሮንቶ ለሚደርስ ሰው፣ በዚህ ውሳኔ መሠረት ወሳኙ ከአዘዞ ያነሣው ሳይሆን አትላንቲክን ያሻገረው ነው። ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ለሚሄድ ወይም ከዚያ ለሚነሣ ግን፣ የዚያ አገር መንግሥት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያጸናው ደንብ በመጀመሪያ የተነገረው የጓዝ ልክና ዋጋ ለደርሶ መልሱ ሁሉ እንዳይለወጥ ያዝዛል።

ይህ ሁሉ መልካም ሥርዓት የሚሠራው ግን ቲኬቱ አንድ ሲሆን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. የገባበት ስታር አሊያንስን የመሰለ ኅብረት እንኳ የአባላቱን የጓዝ ልክ አንድ አያደርግም፤ አንድ የሚያደርገው ቲኬቱ ነው። እኔ ራሴ ርካሽ ነው ብዬ ሁለት ቲኬት ለየብቻ በገዛሁበት ጊዜ፣ እስከ መካከለኛው ከተማ ሁለት ሻንጣ በነጻ አልፎልኝ ሳለ፣ ከዚያ የተረከበኝ አየር መንገድ የፈቀደልኝ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ በቲኬቱ ያተረፍሁትን ገንዘብ ለሁለተኛው ሻንጣ ከነጭማሪው ከፍያለሁ። በዚያ ወረፋ ላይ በጎኔ የነበረች አንዲት ሴት የማር ዕቃዋን ከሻንጣዋ አውጥታ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ አይቼ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከውጭ አገር መጥቶ ለጥምቀት ጎንደር የሚገባውም ሰው፣ የአገር ውስጡን ጉዞ ለብቻው ከገዛ የሚሠራለት የአገር ውስጡ ልክ ነው፤ ያም ከባሕር ማዶው ያነሰ ነው።

ሻንጣው ሲሰጥ የሚታሰርበትን ወረቀት ማንበብም ይገባል። በላዩ 10 አኃዝ አለ፤ ከመጀመሪያው አኃዝ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ 071 ነው። በጉልህ የተጻፉት ሦስት ፊደላት ደግሞ የሻንጣው መድረሻ ናቸው፤ በዚያ የተጻፈው የመጨረሻው ከተማ ሳይሆን የመካከለኛው ከሆነ፣ ሻንጣው እዚያ ወርዶ እንደገና የሚመዘን ነውና ከሚዛኑ ፊት ሳይለቁ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጅ ለወላጁ፣ ወንድም ለእኅቱ ቲኬት በሚቆርጥበት ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቶ አይቸኩል፤ ጉዞው ሁሉ በአንድ ቲኬት መጻፉን አረጋግጦ፣ በእያንዳንዱም በረራ አንጻር የተጻፈውን የጓዝ ልክ አንብቦ፣ እናቲቱ ሽሮውን መሸከፍ ሳትጀምር ይንገራት።