ለአሮጌ ሌንሶች የሚስማማ ትንሽ ካሜራ በመጠነኛ ዋጋ ስለ ማግኘት

ከአባቱ የወረሰውን ወይም በወጣትነቱ የገዛውን የላይካ ወይም የሩሲያ ሌንስ በመሳቢያ ቈልፎ የሚኖር ሰው በየአገሩ አይታጣም። እንዲህ ያለው ሌንስ ብርጭቆና ብረት እንጂ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሌለበት በንጽሕና ከተያዘ ስድሳ ዓመት ቢሞላውም አገልግሎቱን አይተውም። ዳሩ ግን ፊልሙም ማጠቢያውም እየተወደደ ሲሄድ ባለቤቱ ሌንሱን በወረደ ዋጋ ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ የሌለው ይመስለዋል። ሌንሱን ከነሙሉ ጠባዩ የሚቀበለው የላይካ ዲጂታል ካሜራ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኤም 11 የተባለው በ2022 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ያለ ሌንስ አካሉ ብቻ 8,995 የአሜሪካ ዶላር ተጠይቆበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይህን ያህል ገንዘብ ሊያወጣ የማይሻ ሰው ግን ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም፤ ፍለጋውን ከካሜራው ሳይሆን በእጁ ካለው ሌንስ ቢጀምር ርካሽና ጥሩ የሆነውን ያገኛል።

ሬንጅፋይንደር በሚባለው ካሜራ ውስጥ የሚገላበጥ መስታወት የለም። ፎቶግራፍ አንሺው የሚመለከተው በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። በመስኮቲቱ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች የሌንሱን ቀለበት እያዞረ አንድ ላይ ሲገጥማቸው ርቀቱ ተስተካከለ ማለት ነው። መስታወት ባለመኖሩም የሌንሱ ጀርባ ለፊልሙ እጅግ ይቀርባል። ላይካ በ1954 ዓ.ም. ከኤም 3 ጋር ያወጣው መግጠሚያ ከፊልሙ የሚርቀው 27.8 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው እየተጠመዘዘ የሚገባው መግጠሚያ 28.8 ሚሊሜትር ይርቃል። ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ይህን የሚሞላ ስስ ቀለበት የጥንቱን ሌንስ ለአዲሱ መግጠሚያ ያስማማዋል። የሩሲያው ዩፒተር 8 እና የቀድሞዎቹ የካኖን ሌንሶች በዚሁ መንገድ ያገለግላሉ።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መስታወት ያለው ያገለገለ ካሜራ በርካሽ ሲያገኙ ቀለበት ቢገዙለት የሚሠራ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በኒኮን ኤፍ መግጠሚያው ከሰሌዳው 46.5 ሚሊሜትር፣ በካኖን ኢ.ኤፍ. ደግሞ 44 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ሌንሱ እንዲሠራ ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ መግባት ሊኖርበት ነው። እንዲህ ያለ ግዢ ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው፤ ከቅርብ ዕቃ በቀር ምንም አይነሣበትም።

ነገሩ የተለወጠው በ2008 ዓ.ም. የፓናሶኒክ ጂ 1፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሶኒ ኔክስ 5 በወጡ ጊዜ ነው። እነዚህ ዲጂታል ካሜራዎች መስታወቱን አስወገዱ። የሶኒው መግጠሚያ ከብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ፣ ማለትም ከሴንሰሩ፣ 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚርቅ ለላይካ ሌንስ የሚጐድለው 9.8 ሚሊሜትር በአንድ ተራ የብረት ቀለበት ይሞላል። የፉጂፊልም ኤክስ መግጠሚያ 17.7 ሚሊሜትር ነው፤ አሠራሩም አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ኩባንያ ካሜራ ብቻ የተሠራ ሌንስ የብዙ ኩባንያዎችን ካሜራ ሊያገለግል በመቻሉ፣ በመሳቢያ የተረሳ ዕቃ እንደገና የንግድ ዕቃ ሆነ።

ይሁን እንጂ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ የሰሌዳው ስፋትም በሚገባ ሊመረመር ይገባል። የድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር ነበር። የብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ሰሌዳ ግን ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ. የሚባለው፣ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነው ነው። በዚህ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያሳየው የ75 ሚሊሜትር ሌንስን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህም ባነሰው በማይክሮ ፎር ሰርድስ ሰሌዳ ላይ 100 ሚሊሜትር ይሆናል። የሠርግ ቤተ ዘመድን በአንድ ላይ ያነሣ የነበረው ሌንስ ከሙሽራይቱ ፊት በቀር የማያሳይ ይሆናል ማለት ነው። ለመልክ ሥዕል ብቻ ለሚፈልገው ሰው ይህ ጉዳት አይደለም። የቀድሞውን ስፋት የሚሻ ሰው ግን 35 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ ሌንስ መግዛት ሊገደድ ነው፤ በካሜራው ያተረፈውን በሌንሱ ይከፍላል። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ላለው ሰው በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሶኒ ኤ 7 ያገለገለው ቢገዛ ይሻላል። ሰሌዳው የፊልሙን ሙሉ ስፋት ያህላል፤ ክብደቱም ከነባትሪው ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

ሰፊ ማዕዘን ያላቸው ሌንሶች ሌላ ችግር አለባቸው። ጀርባቸው ለሰሌዳው በጣም ስለሚቀርብ ብርሃኑ ወደ ዳር አጋድሎ ይወርዳል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው መሸፈኛ መስታወት ወፍራም ሲሆን የሥዕሉ ዳር ይደበዝዛል ወይም ወደ ሐምራዊ ቀለም ይለወጣል። የሶኒ ኔክስ 7 በዚህ ጉድለት የታወቀ ነው። ሪኮ በ2011 ዓ.ም. ለጂ.ኤክስ.አር. ያወጣው ክፍል ግን ለላይካ ኤም ሌንሶች ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሰሌዳው 12 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ቢኖረውም፣ በዚህ ረገድ ይበልጣል። ሌንሱ ወደ ውስጥ ከመጠን በላይ ዘልቆ እንዳይጐዳው የሚለካበትም መሣሪያ አብሮት ይመጣ ነበር። ሥራው ከተቋረጠ ስለ ቈየ መለዋወጫውን ማግኘት አያስተማምንም።

ያገለገለ ላይካ ራሱን ለሚመኝ ሰው በ2006 ዓ.ም. የወጣው ኤም 8 ጥቁር ጨርቅን ሐምራዊ እንዳያደርግ በሌንሱ ፊት ማጣሪያ ያሻዋል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ኤም 9 ደግሞ የሰሌዳው መሸፈኛ መስታወት የሚበላሽበት ጊዜ ስላለ፣ ሰሌዳው ተለውጦ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መግዛት ድፍረት ነው።

የጠራውን በእጅ ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። በፀሐይ ጊዜ የጀርባው ስክሪን ስለማይታይ የማያ መስኮት ያለውን መምረጥ ይገባል፤ ኔክስ 5 ይህ የለውም፣ በ2014 ዓ.ም. የወጣው ሶኒ ኤ 6000 ግን አለው፤ በጥራት የታየውን ጠርዝ በቀለም እያደመቀም ይመራል። ካሜራው በእጅ የሚሠራውን ሌንስ ስለማያውቀው፣ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደው ትእዛዝ በቅድሚያ ሊከፈትለት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ገዢ ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ቀለበቱን በተመለከተ፣ በጣም ርካሹ ብዙ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ከልኩም በጥቂቱ አጥሮ ስለሚሠራ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የሜትር ቍጥር እውነት አይሆንም። ከመግዛት በፊት ሌንሱን ወደ ሩቅ ተራራ አቅንቶ ቀለበቱን እስከ መጨረሻ ማዞር ነው። ተራራው ቀለበቱ ከመቆሙ በጥቂቱ ቀድሞ ከጠራ ያገለግላል፤ እስከ መጨረሻው ዞሮ ካልጠራ ግን ቀለበቱ ወፍራም ነውና ለሻጩ ይመለስ። በዚያው ጊዜ ሌንሱን በእጅ መብራት እያበሩ ሻጋታና ጭጋግ እንዳይኖርበት ውስጡን መመልከት ይገባል።